ሦስት የወስፌ ቀዳዳ

«በብርጭቆው አይደለም፤ በጣሳው ስጪው» አሉ እትዬ ወለተ ኢየሱስ።

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የተናገሩት። ነገር ግን የእየሩስን መሥሪያ ክፍል ከአከራይዋ ከእትዬ ጓዳ የሚለየው ልስኑ የረገፈ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነውና ቃሉ አንድም ሳይጎድል አለፈ። እየሩስ የቦርሳ ጠርዝ የምትደበድብበትን መዶሻ እንዳነሳች ቀረች። ከበሩ አጠገብ፣ አግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ፣ ደምለው እጆቹን በጉልበቶቹ መሃል ቀብሮ ተቀምጧል። ሰምቶ እንደሆነ ከፊቱ ለማወቅ ፈለገች፤ እሱ ግን ግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉትን ቦርሳዎች አንድ በአንድ ያይ ነበር፤ ስፌቱን እንጂ ቦርሳውን የሚያይ አይመስልም። ጥቂት ቆይታ ከእትዬ ጋር ያረጀችው ሠራተኛ ጥሩነሽ በቲማቲም ድልህ ጣሳ ጠላ ይዛ መጣች። የጣሳው አፍ በመዶሻ ተደብድቦ እንዳይቆርጥ ተደርጓል፤ ለዚሁ ለዚሁ ነገር የተቀመጠ ጣሳ ነበር። ደምለው በሁለት እጁ ተቀብሎ «እግዜር ይስጥልኝ» አለና ቆሞ ጠጣው። ሲጨርስ ለጥሩነሽ መልሶ አልሰጣትም። ከወንበሩ ሥር፣ መሬት ላይ፣ አፉን ደፍቶ አስቀመጠው። ሰዎች ከእጁ መቀበል እንደማይወዱ ዕድሜውን ሙሉ ያወቀ ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርግ።

እየሩስ መዶሻዋን አወረደች። ሥራው እንዲጮህ ፈልጋ ከሚገባው በላይ አጥብቃ መታች።

ደምለው አባቷ ነው። በዚህ ግቢ ውስጥ ይህን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። የዛሬ ሦስት ዓመት ክፍሉን ልትከራይ ስትመጣ እትዬ ወለተ ኢየሱስ በር ላይ አቁመው «የማን ልጅ ነሽ?» ብለው ነበር የጠየቋት፤ እንደማንኛውም የደብረ ማርቆስ አከራይ። «ወላጆቼ ሞተዋል» አለች። እናቷ በእርግጥ ሞታለች። ከአፏ የወጣው ቃል ከእውነቱ የሚበልጠው በአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያኔ ትንሽ ነገር መስሏት ነበር። እትዬም እንባ አቅርረው የመጀመሪያውን ወር ኪራይ ግማሹን ተዉላት፤ ታይፎይድ በያዛት ጊዜም አጥሚት እያጠጡ ለአሥር ቀን አስታመሟት። ለወላጅ አልባ ልጅ የሚደረገውን ሁሉ አደረጉ። አባቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆዳ ተሸክሞ ሲመጣ ታዲያ ምን ትበል? «ቆዳ የሚያመጡልኝ ጋሼ ደምለው ናቸው» አለች። ተመካክረውበት አያውቁም። እሱ ቃሉን ሰማ፤ ከዚያ «እመቤት፣ የት ላስቀምጥልዎ?» ብሎ ጠየቃት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው ባለበት ልጁን አንቱ ይላታል።

ዛሬ የመጣው ያለወትሮው በጧት ነው። ተዘግቶ የሰነበተው የመንደሩ መንገድ ተከፍቷል ሲባል ከሮብ ገበያ የወጣችውን የመጀመሪያዋን ሚኒባስ ይዞ፣ ስድስት የፍየል ቆዳ ጠቅልሎ በጠፍር አስሮ፣ እንደ ልማዱ በግቢው በር ሳይሆን በሱቁ በር ገባ። ሰኔ ሊጋመስ ነው። ክረምቱ ጠቅልሎ ከገባ ቆዳ አይደርቅም፤ ይሻግታል። ስለዚህ ይህ የዓመቱ የመጨረሻ ጭነት ነበር። ሸክሙን ሲያወርድ ግን ሌላ ነገር ጨመረ። የቀኝ እጁ ጣቶች አልታጠፍ ብለውታል፤ ነገ ሁለት ሰዓት ሆስፒታል ቀጠሮ አለው። «ዛሬ እዚሁ አድራለሁ መሰለኝ» አለ። ሲናገር እሷን ሳይሆን የጥቅሉን ቋጠሮ ያይ ነበር። ከመሥሪያ ክፍሉ ጀርባ ካለችው መኝታዋ ውስጥ አንድ አልጋ አለ፤ መሬቱም ለፍራሽ ይበቃል። ጋቢውን ይዞ መጥቷል። እየሩስ «እናያለን፣ አባባ» ብላ መለሰች። ቃሉ ከወጣ ሁለት ሰዓት አልፎታል፤ አሁንም በክፍሉ ውስጥ እንዳለ ነው። የቆዳ አምጪ በተከራይ ክፍል ውስጥ አያድርም። ቢያድር እትዬ ይጠይቃሉ።

ክፍሉ ጠባብ ነው። አንድ ወገኑ የስፌት መኪና፣ ሌላው ወገን ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ከሥሩ የቁርጥራጭ ቅርጫት። ግድግዳው ላይ ቦርሳዎቹ እንደየዋጋቸው ተሰቅለዋል፤ ከታች በሁለት ሺህ ብር የሚሸጡት አርቴፊሻሎች፣ ከላይ የበግ፣ የላም፣ ከሁሉም በላይ ሰባት ሺህ አምስት መቶ የሚባለው የፍየል። በእያንዳንዱ ቦርሳ ውስጥ፣ ገበሩ ላይ፣ «እየሩስ» የሚል ስም በቢጫ ክር ተጠልፏል። የላሙና የበጉ ቆዳ ከአዲስ አበባ ፋብሪካ ይመጣል። የፍየሉ ግን የአባቷ ነው፤ ለሚጠይቅ ሰው ሁሉ «ፋብሪካ» ብትልም። እምቧይ ደቁሶ ጠጉሩን የሚያራግፈው፣ በግራር ቅርፊት የሚዘፈዝፈው፣ የኑግ ቅባት እየቀባ በእግሩም በእጁም የሚያለፋው እሱ ነው። ሥራውን ሲጨርስም በቆዳው አንገት በኩል፣ ጠርዙ ላይ፣ በወስፌ ሦስት ቀዳዳ ይበሳል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን፣ አንዱ ከበታች። አባቱም እንደዚያ ይበሳ ነበር። ፊርማ ማለት ነው። እየሩስ ቆዳውን ስትቀድ መጀመሪያ የምትቆርጠው ያንን ጠርዝ ነው። የአንገት ጠርዝ ስስና ሸካራ ስለሆነ የትኛውም ሰፊ ይጥለዋል ብላ ራሷን ታሳምናለች። ሆኖም አንድ ጊዜ ጠርዙ ደህና ሆኖ ሳለ ቆርጣው ታውቃለች፤ ይህንንም አልረሳችውም።

ወደ አራት ሰዓት ላይ የእትዬ ወለተ ኢየሱስ የወንድም ልጅ ሔዋን ከግቢው ወገን ገባች። ባንክ የምትሠራ፣ ከባሕር ዳር ትናንት የመጣች፣ ሽቶዋ ቀድሟት የሚገባ ሴት ናት። በእጇ የያዘችውን ቦርሳ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋግታ ጣለችው። ማዕዘኖቹ ተልጠው ውስጡ ነጭ ጨርቅ ይታያል፤ መያዣው ላይ ሽፋኑ እንደ ድንች ልጣጭ ተነስቷል።

«ይኸን ጉድ እይልኝ! ዱባይ ነው የተገዛ፤ አሥራ ስምንት ሺህ ብር። ስም ያለው ዲዛይነር ነው ተብዬ። ዓመት አልሞላውም እኮ!»

እየሩስ አገላብጣ አየችው። «ቆዳ ነው፤ ግን ፊቱ የለም» አለች። የወፍራም ቆዳ ላይኛው ፊት ተገፎ ለሌላ ሲውል የቀረው የውስጡ ሥጋ ወገን ላስቲክ እንደሚቀባ፣ ያም «ኦሪጅናል» ተብሎ እንደሚሸጥ አስረዳቻት። «ውሸት አይደለም፤ ቆዳ ነው። እውነትም አይደለም።» ይህን ስትል ወደ አግዳሚው ወንበር ላለማየት ተጠነቀቀች።

«እሺ የቱን ልግዛ ታዲያ? ለአሥር ዓመት የሚሆነኝን ንገሪኝ። መልክ እንኳ በኋላ።»

እየሩስ ከግድግዳው ሦስቱን አውርዳ ደረደረች። የበጉ ልስላሴው እንደ ጨርቅ ነው፣ ለእጅ ይጥማል፣ ነገር ግን ጥፍር አይችልም፣ ማዕዘኑ ቶሎ ያልቃል፤ የላሙ ቅርፁን አይለቅም፣ ዕድሜ አለው፣ ግን ይከብዳል፣ ከደረቀም ይሰነጠቃል። ስለ ፍየሉ ልትጀምር ስትል ሔዋን አቋረጠቻት። «ሁሉም ሻጭ እንደዚህ ይለኛል፤ በምን ልመን?» አለች። ከዚያ ዞር ብላ ወንበሩ ላይ ያለውን ሰው ገና አሁን አየችው። «እኚህ ማናቸው?»

«ጋሼ ደምለው ናቸው። ቆዳ ያመጡልኛል።»

ደምለው ከወንበሩ ተነስቶ እጅ ነሣ። ሔዋን ሳቅ ብላ «እስቲ እርስዎ ይፍረዱን፣ ጋሼ። እሷ ነጋዴ ናት፤ እርስዎ የሚሸጡልኝ ነገር የለም» አለችው። ደምለው መጀመሪያ ወደ ልጁ አየ። እየሩስ ራሷን በትንሹ ነቀነቀች። ያን ፈቃድ ሲጠብቅ ባየችው ጊዜ ዓይኗን ወደ ቦርሳዎቹ መለሰች።

ወደ ጠረጴዛው ቀረበ። ከሦስቱም ቦርሳ የተረፈውን ቁራጭ ከቅርጫቱ ለማንሳት ጎንበስ ሲል እየሩስ ቀድማ ልታነሳለት ፈለገች፤ አልደረሰችም። እጁ ቅርጫቱ ውስጥ ትንሽ ቆየ። ቀና ሲል ሦስት ቁራጭ ይዞ ነበር፤ ፊቱ ላይ ግን የሚነበብ ነገር አልነበረም። ጣቱን ምራቁን አስነክቶ በእያንዳንዳቸው ላይ ጠብታ አኖረ። በላስቲክ በተለበጠው በዱባዩ ላይ ደግሞ ሌላ ጠብታ። «ያልሞተ ቆዳ ይጠጣል» አለ። የፍየሉ ቀስ ብሎ ጠቆረ፤ የዱባዩ ላይ ጠብታው ክብ እንደሆነ ቀረ። ከዚያ በአውራ ጣቱ ጥፍር ጫን ጫን እያደረገ አሳያት። በጉ ላይ ጭረት ቀረ። ላሙ ላይ ቀጭን መስመር ቀረ። ፍየሉ ላይ የተሠመረው በጣት ሲታሽ ጠፋ።

«ፍየል ገደል የሚወጣ፣ እሾህ ውስጥ የሚገባ ነው። ቆዳው ከዚያው የለመደውን ነው የሚያደርግ። ቀጭን ሆኖ አይቀደድም። ግን ከፍየሉም ቢሆን የጀርባውን ይጠይቁ። መያዣው ከጀርባ ከተቆረጠ አይለጠጥም፤ ከሆድ ከተቆረጠ ግን በዓመቱ እንደ አንጀት ይወርዳል። እኚህ እመቤት…» ብሎ ወደ እየሩስ አመለከተ፣ «እርሳቸው የጀርባውን ነው የሚያደርጉ። አይቻለሁ።»

«አያያዙስ?»

«ዝናብ ሲመታው ፀሐይ ላይም እሳት ዳርም አይስጡት። ጋዜጣ ጎስጉሰው ጥላ ላይ ይተዉት፤ በራሱ ጊዜ ይድረቅ። በሁለት በሦስት ወር አንዴ ቅባት፣ ያውም ለጣት ያህል። ቅቤ እንዳይነካው፤ ይሻግታል፣ አይጥም ይጠራል። በፌስታል ቋጥረው አያስቀምጡት፤ በጨርቅ ነው። ሰው የሚታፈንበት ቦታ ቆዳም ይታፈናል።»

ሔዋን በጣም ወደደችው። «የት ተማሩት ይኸን ሁሉ? እርስዎ ራስዎ ይሠራሉ?»

እየሩስ የስፌት መኪናውን ክር ማስተካከል ጀመረች፤ ክሩ ደህና ነበር። ደምለው የጠቆሩ ጣቶቹን ጋቢው ውስጥ መልሶ «አይ፤ ሲሠሩ አያለሁ» አለ።

ይኸን ጊዜ እትዬ ወለተ ኢየሱስ ከጓዳ በሩን ከፍተው ብቅ አሉ። ከግድግዳው ወዲያ ሆነው ወሬውን ሁሉ ሲያዳምጡ ቆይተው ኖሯል፤ በክንዳቸው ላይ አንድ ያረጀ አንቀልባ አንጠልጥለዋል። «ቆዳ ካላችሁስ እኔ ላሳያችሁ! አራት ልጅ ያዘልኩበት ነው። ይኸው፣ ሔዋንንም አዝዬበታለሁ። አርባ ዓመት ሊሆነው ነው፣ እዩት፤ አንድ ቦታ ተሰንጥቋል?» እውነታቸውን ነበር። ዛጎሎቹ ግማሹ ረግፈዋል እንጂ ቆዳው እንደ ሐር ነው፤ ከብዙ ላብና ከብዙ እጅ የተነሳ ቀይ ዳማ መልክ ይዞ ያንጸባርቃል። ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጉት የአንገቱ ጠርዝ ወደ ደምለው ወገን ዞረ። ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን፣ አንድ ቀዳዳ ከበታች።

እየሩስ አየችው። አባቷም አይቶታል፤ አውራ ጣቱን አውጥቶ በቀዳዳዎቹ ላይ አንዴ ብቻ አለፍ አደረገና መልሶ ሰበሰበው።

«የማን ሥራ ነው?» አለች ሔዋን።

«እኔ ምን አውቄ፣ ከሮብ ገበያ ነው። ነፍሷን ይማርና እናቴ ናት የገዛችልኝ፣ የመጀመሪያዬን ሳረግዝ። አብሬያት ነበርኩ። ሻጩ እንዴት ያለ መልከ መልካም ጎልማሳ መሰለሽ! ታዲያ ብሩን ልሰጠው እጄን ስዘረጋ እናቴ ክንዴን ቆንጥጣ፣ መሬት ላይ ጣይለት፣ ፋቂ ነው፣ ቡዳ ነው፣ ከእጁ አትንኪ አትለኝም!» እትዬ ከልባቸው ሳቁ። «ጣልኩለት። አጎንብሶ አነሣ። አቤት የድሮ ሰው!»

ሔዋንም ሳቀች። «እትዬ ደግሞ! ቡዳው በሠራው ልጅ ታዝሎ?»

«ምን ታደርጊዋለሽ፤ እንደዚያ ነበር።»

ደምለው ሰው ሲስቅ ዝም ማለት ነውር እንዳይሆን ትንሽ ፈገግ አለ። «ድሮ ያልተባለ ነገር የለም» አለ በለሰለሰ ድምፅ። ወደ አግዳሚው ወንበር ተመልሶ ተቀመጠ። እየሩስ እትዬን ልትቆጣ ፈለገች፤ መቆጣቱ ይቀላት ነበር። ግን እኚህ ሴትዮ ብሩን መሬት ላይ የጣሉት ለማያውቁት ሰው ነው። እሷ የጣለችውን ሰው ታውቀዋለች።

ሔዋን የፍየሉን አዘዘች፤ ጥቁር ቡኒ፣ መያዣው ከጀርባ የተቆረጠ። እየሩስ ስፋቱን ለካች፣ ጻፈች፣ ስለ ዚፑ ተነጋገሩ። ሰባት ሰዓት ሲሆን እትዬ «በሉ ምሳ ቀርቧል፤ የጾም ነው ብለሽ እንዳትግደረደሪ» ብለው እየሩስን በክንዷ ጎተቷት። «ለሰውየው ጥሩነሽ እዚሁ ትሰጣለች።» እየሩስ ከበሩ ስትወጣ ዞር አለች። አባቷ በዓይኑ ሂጂ አላት።

የእትዬ ሳሎን ቡናማ መጋረጃ፣ በዳንቴል የተሸፈነ ቴሌቪዥን፣ የልጆቻቸው የምርቃት ፎቶ በየግድግዳው ያለበት ሙቅ ክፍል ነው። እየሩስ ሁልጊዜ የምትቀመጥበት ቦታ አላት፤ ከእትዬ በስተቀኝ። ሽሮው ላይ ቃሪያ ተሰንጥቆ፣ ጎመኑ በነጭ ሽንኩርት ተቁላልቶ፣ ጠላው በብርጭቆ ቀረበ። እትዬ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልለው አጎረሷት። በጠላ አወረደችው።

«ሽማግሌው ግን ገረመኝ» አለች ሔዋን። «በስልኬ ልቀርጻቸው ነበር፤ ሳላስበው አለፈኝ። ሰው የላቸውም?»

«አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው» አለች እየሩስ። ለምን እንደመለሰች አላወቀችም። ዝም ማለት ትችል ነበር።

«የት?»

«ከተማ ናት።»

«እና እሳቸው በዚህ ዕድሜ ቆዳ ይሸከማሉ? እጃቸውን አይተሻል? ጣቶቹ እኮ አይታጠፉም።» ሔዋን እንጀራዋን እንደያዘች መብላቷን ገታች። «የዛሬ ልጅ ልቡ ድንጋይ ነው፤ እውነቴን ነው።»

«ተያት» አሉ እትዬ። «ችግር ይኖርባት ይሆናል። ሰው ወላጁን በደህና አይተውም።» ለእየሩስ አስበው ኖሯል፤ ፊቷ ሲለወጥ አይተው የሞቱ ወላጆቿን ያስታወሷት መስሏቸው እጃቸውን ጉልበቷ ላይ አሳረፉ። «አይዞሽ፣ የኔ ልጅ። ብይ።» እየሩስም በላች። ከሁሉ ነገር በኋላ የምታስታውሰው ይህንን ነው፤ መብላቷን። ሁለተኛ እንጀራ ሲጨመርላት አለመከልከሏን።

ስትመለስ አግዳሚው ወንበር ባዶ ነበር። ጣሳው እንደተደፋ ከሥሩ አለ፤ ሳህኑ ተጠርጎ ተበልቶበት ከጣሳው አጠገብ ተቀምጧል። ጋቢውም የለም። ጥሩነሽ ሳህኑን ልታነሳ መጥታ «ሰውየው ሄዱ» አለቻት። «መናኸሪያው አጠገብ አልጋ እይዛለሁ፣ ለእመቤቲቱ ምስጋና አድርሽልኝ ብለዋል።» እየሩስ በመጀመሪያ የተሰማት ዕረፍት ነው። ይህንንም ልትክደው አትችልም። የት ያድራል የሚለው ጉዳይ ያለ እሷ ተፈጸመ። ዕፍረቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ከስፌት መኪናው በቀር የሚሰማ አልነበረም። የሰው ሥራ ስትጨርስ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ሲያባራ፣ ለሔዋን ቦርሳ የሚሆነውን ለመምረጥ የአባቷን ጥቅል ፈታች። ጠፍሩ በፊት ከነበረበት ቋጠሮ ሌላ ቋጠሮ ነበረው። የመጀመሪያውን ቆዳ ዘረጋች፤ ለስላሳ፣ እኩል የለፋ፣ የኑግ ሽታ ያለው። እጇ በልማድ መቁረጫውን አንስቶ ወደ አንገቱ ጠርዝ ሄደ። የሚቆረጥ ነገር አልነበረም። ጠርዙ ተቆርጧል። ሁለተኛውን ዘረጋች። ሦስተኛውን። ስድስቱም የአንገት ጠርዛቸው ተነስቷል። ቁርጡ ጠማማ ነው፤ ሄዶ የቆመ፣ እንደገና የተጀመረ፣ ጨብጦ መያዝ ያቃተው እጅ የቆረጠው። መቁረጫዋ ራሷ ሁልጊዜ ከምታኖርበት ቦታ አንድ ስንዝር ፈቀቅ ብላ ነበር። ቅርጫቱን ወደ ብርሃን ሳበች። ጧት ጎንበስ ብሎ እጁን ያቆየበት ቅርጫት ነው። ከታች፣ ከወራት ቁርጥራጭ ሥር፣ ሦስት ሦስት ቀዳዳ ያላቸው ጠርዞች ይኖሩ ነበር። አንድም አልቀረም። ለቅሞ ወስዷቸዋል።

እየሩስ ጣሳውን ከወንበሩ ሥር አንስታ ወደ እትዬ ቤት ሄደች። በእጇ ይዛው ገብታ ምን እንደምትል አሰናድታለች፤ ሦስት ቃል ነው። እትዬ ሞሰብ ሲከድኑ አገኘቻቸው። «ውይ፣ አንቺ ለምን ትይዥዋለሽ፤ ለጥሩነሽ ስጫት፣ ለብቻው ነው የሚታጠብ» አሉና ከእጇ ወሰዱት፤ በሁለት ጣት፣ በጠርዙ። ከዚያ በሳህን የተከደነ ሽሮ አስጨበጧት። «ለእራትሽ ነው። ምሳም ደህና አልበላሽም።» ሦስቱን ቃል ትታ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ወጣች። በባጃጅ ተሳፍራ መናኸሪያው ስትደርስ የሽሮው ሳህን አሁንም በእጇ ነበር።

አልጋ ቤቶቹ ብዙ ናቸው፤ በሦስተኛው አገኘችው። ከጓሮው፣ ከዝናብ ውሃ በርሜል አጠገብ ቁጢጥ ብሎ እጁን በሳሙናና በአሸዋ ያሻል። ለሐኪም የሚያሳየውን እጅ ማጽዳቱ ነው። የጣቶቹ ጥቁረት የግራር ነው፤ በሳሙና አይለቅም፤ ይህን ከማንም በላይ እሱ ያውቃል። ቀና ብሎ ሲያያት ደነገጠ። ከእሷ ጀርባ፣ ወደ በሩ ተመለከተ።

«ስትመጪ ሰው አላየሽም?» አላት።

እየሩስ ሳህኑን መሬት አስቀመጠች። «ቆዳውን ለምን ቆረጥከው፣ አባባ?»

«ሥራ እንዳላበዛብሽ ብዬ ነዋ። አንቺው ለምትቆርጪው።» ምንም ቁጣ የለበትም፤ ለሰው ቀላል ውለታ እንዳደረገ ሁሉ ነው የተናገረው። «ደግሞ እጄ እንዲህ ከሆነ ከእንግዲህ አላለፋም። የመጨረሻው ነው፤ ሳያስቸግር ይለቅልሽ።»

ያን ጊዜ ነው የዋሸችው። እውነቱን ልትናገር አፏን ከፍታ የወጣው ሌላ ሆነ። «ነግሬያቸዋለሁ» አለች።

«ምን?»

«ለእትዬ ወለተ ኢየሱስ። አባቴ ነው ብዬ ነግሬያቸዋለሁ።»

ደምለው እጁን ከውሃው አወጣ። አረፋው በክንዱ ላይ ወርዶ ከክርኑ ይንጠባጠባል። «ምን አሉ?» አለ በመጨረሻ።

«ነገ ከሐኪም ሲመለሱ ምሳ ይምጡ አሉ።»

«ይምጡ አሉ?» ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ ካየችው ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ ጥርሱ አንድ ጎድሏል፤ መቼ እንደወለቀ አላወቀችም። «አንቀልባውን ከእኔ የገዙት እሳቸው እኮ ናቸው። ጎልማሳ ነበርኩ፤ ሰምተሻል፣ መልከ መልካም ነው ያሉ። ኧረ እኔስ አልነግራቸውም፤ ያፍራሉ።» ከዚያ አሰበና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ታዲያ ነገ በየት ነው የምገባ? በሱቁ ነው፣ በግቢው በር?»

«በግቢው በር።»

«እሺ።» ወደ በርሜሉ ተመለሰና አሸዋውን ዘግኖ ጣቶቹን እንደገና ያሻቸው ጀመር፤ አሁን የበለጠ አጥብቆ። «ሎሚ ይኖርሻል?» ሲል ጠየቃት። «ሎሚ ትንሽ ያነሣዋል ይላሉ።»

ስትመለስ ጭቃው ላይ የመብራት ብልጭታ ተዘርግቷል፤ ከማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ወገን የሠርክ ጸሎት ድምፅ ይሰማል። እትዬ ወለተ ኢየሱስ የግቢውን በር ሊዘጉ ወጥተው መወርወሪያውን ይዘው ቆመዋል። «በዚህ ጭቃ የት ሄድሽ፣ የኔ ልጅ? ልዘጋብሽ ነበር» አሉና እንድታልፍ ፈቀቅ አሉላት። እየሩስ አላለፈችም። እትዬ አላስተዋሉም፤ ሐሳባቸው ሌላ ነው። «ሔዋን ነገ ከሰዓት ነው የምትሄደው። ምሳ አብረን ነን፤ ጥሩነሽ ብርጭቆዎቹን በጧት ታጥባቸው። እኔ፣ ሔዋን፣ አንቺ፤ ሦስት ነን አይደል?»

«አራት ነን» አለች እየሩስ።

እትዬ ወለተ ኢየሱስ መወርወሪያውን እንደያዙ በጨለምለምታው ውስጥ ፊቷን ፈለጉ።

«አራተኛው ማነው?»